ክዳኑ ሦስት ጊዜ ተከፈተ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ጎረቤቴ «ዘሃራ፣ ለመሆኑ ሥራሽ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። በአንድ አጥር ይህን ያህል ዘመን ስንኖር ጠይቃኝ አታውቅም። «ኮምፒውተር አስታምም ነበር» አልኋት። ሳቀች። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም። የማኅበራችንን ሒሳብ የሚይዙትን ትልልቅ ኮምፒውተሮች፣ ሰርቨር የምንላቸውን፣ ሙቀታቸውንና ትንፋሻቸውን ጠዋት ማታ እያየሁ፣ ሊታመሙ ሲሉ ሳይወድቁ ማወቅ ነበር ሥራዬ። ብዙውን ጊዜ ሰላም ያለው ሥራ ነው። ከዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ዓርብ ብቻ ናት ያልለቀቀችኝ። እሷ ትዝ ስትለኝ ገበያ መሐል ቆሜ እንኳ ክው እላለሁ።

ማኅበሩ የገበሬዎች ነው፤ ስሙን አልጠራም። እህል ይገዛል፣ ማዳበሪያ ያከፋፍላል፣ የአባላቱን ቁጠባ ይይዛል። ዋናው ቢሮ ሐይቅ ከተማ ሲሆን ቅርንጫፉ ደግሞ አምባሰል፣ ውጫሌ ነው። እኔ የገባሁት በታይፒስትነት ነበር። የመጀመሪያው አለቃችን ኮምፒውተር ሲመጣ አቧራ እንዳይነካው በነጠላ ሸፍኖ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የሚውል ሰው ነበር። እሱ ሲሄድ ከደሴ አቶ ደምሴ ተሾመ። አቶ ደምሴ ሥራ ወዳድ፣ ቃሉ አጭር፣ ሌባ አጥብቆ የሚፈራ ሰው ነው። ደመወዙ አንዳንዴ ከወር ወር ያደርስ ነበር፣ አንዳንዴ አያደርስም ነበር፤ እሱን ልተወው።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ሰይድ ነው። የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ ቴክኒሻን ነበር። ከታይፕ ክፍል አውጥቶ «ነይ፣ ጣትሽ ፈጣን ነው፣ ዓይንሽ ደግሞ ከጣትሽ ይፈጥናል» ብሎ ወሰደኝ።

ሰርቨር በሆዱ ውስጥ ብዙ ሴንሰር አለው። በፊቱ በኩል የሚገባው አየር ምን ያህል እንደሞቀ፣ በጀርባው የሚወጣው ምን ያህል እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ፋን፣ ማራገቢያው ማለት ነው፣ በምን ፍጥነት እንደሚዞር፣ የሚገባው መብራት ከፍ ይበል ዝቅ፣ ሁሉንም ይናገራል። እነዚህን ሴንሰሮች የምትጠብቅ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። ሰርቨሩ ቢጠፋም እንኳ ሶኬቱ እስካልተነቀለ ድረስ አትተኛም። ጋሽ ሰይድ ይህችን ቺፕ ይወዳት ነበር፤ «ሰውየው ሲተኛ የምትነቃ ሚስት» ይላታል።

ቁጥር አይቶ ግን ወዲያው አያምንም። መጀመሪያ ከሰርቨሩ ጀርባ ይሄድና መዳፉን ዘርግቶ የሚወጣውን አየር ይዳስሳል። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ይመጣና እጁ ያለውንና ቁጥሩ ያለውን ያስተያያል። ሲጠራጠር የፊቱን ወንፊት በመዳፉ ይከድንና ቁጥሩ ከፍ እስኪል ይጠብቃል። ቁጥሩ ካልተነሣ «ይህ ሴንሰር ሞቷል፤ የድሮውን ነው የሚያወራን» ይላል። ከፋኖቹ አንዱ ሲደክም የቀሩት ፍጥነታቸውን ይጨምራሉ። ለዚህ ነው የቸኮለ ፋን ሲያይ የቸኮለውን ትቶ የዘገየውን የሚፈልገው። እኔንም እንዲህ አድርጎ አሠለጠነኝ፤ ስሳሳት አይቆጣም፣ «እስቲ እንደገና ዳስሺው» ነው የሚለው።

ሌላም ልማድ ነበረው። በር ሲያንኳኳ፣ የገዛ ቢሯችንን እንኳ፣ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። ሰው ቤት ሲኬድ ሦስት ጊዜ ፈቃድ ይጠየቃል ተብሎ ያደገ ነው። እኛም ስለለመድነው ማን እንደመጣ ለማወቅ ቀና አንልም ነበር።

ከሴንሰሮቹ ሁሉ የናቅነው የክዳኑን ነበር። የሰርቨሩ ክዳን ሲከፈት የሚነካ ትንሽ ምላስ አለች፤ ክዳኑ ተነሣ ስትል ትናገራለች፣ ተመለሰ ስትል ትናገራለች። የውጫሌው ቢሮ አስፋልት ዳር ስለሆነ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር እየተንቀጠቀጠች ያልተከፈተውን ተከፈተ ትለን ነበር። ጋሽ ሰይድ ምላሷን ትንሽ አጎበጣትና ክዳኑ በእውነት ካልተነሣ በቀር መጮኋን ተወች። ከዚያ ወዲህ እኔም ረሳኋት።

የውጫሌው የሰርቨር ክፍል ጠባብ ናት፤ መስኮት የላትም። ከጎረቤት ሱቅ እቃ በተሰረቀ ማግስት አቶ ደምሴ ወፍራም የብረት በር አስገጠመላት። ከውጭ በካርድ፣ ከውስጥ በአዝራር የሚከፈት፣ በመብራት የሚሠራ ቁልፍ ነው። ጋሽ ሰይድ በሩን አልተቃወመም፤ ከውስጥ በእጅ የሚከፈት መያዣ እንዲጨመርለት ብቻ ጠየቀ። በሚቀጥለው በጀት ተባለ። መብራት ሲጠፋ የሚተካው የባትሪ ሳጥን፣ ዩፒኤስ የምንለውም፣ ባትሪዎቹ አርጅተው ነበርና እሱም በሚቀጥለው በጀት ተባለ። ያን ጊዜ ማናችንም ሁለቱን ነገሮች አያይዘን አላየናቸውም።

በዚያች ዓርብ ጋሽ ሰይድ የፋኖቹን አቧራ ሊጠርግ በጠዋት ወደ ውጫሌ ሄደ። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ሰክቶት ወደ ክፍሉ ገባ። ለጁምዓ ሰዓቱ ሲደርስ ሠራተኛው ወጣ፤ ሙስሊሙ ወደ መስጊድ፣ ክርስቲያኑ ወደ ምሳ ሄደ። ዘበኛውም ግቢውን ዘግቶ ሰላቱን ሊሰግድ ሄደ። ጋሽ ሰይድ አንዲት ፋን ስለቀረችው እሷን መልሼ እደርሳለሁ ብሎ ቆየ።

እኔ ሐይቅ ቢሮ ምሳዬን ይዤ ስክሪኑ ፊት ነበርሁ። የውጫሌ መብራት ጠፋ፤ ብርቅ አይደለም። ሲመለስ ግን የመብራቱ ቁጥር አይቼው የማላውቀው ከፍታ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ የሚገባው አየር መሞቅ ጀመረ። ማቀዝቀዣው ተቃጥሏል ማለት ነው። የዩፒኤሱ ባትሪ ሙቀት ደግሞ ከክፍሉ በበለጠ ፍጥነት ይወጣ ነበር። ጋሽ ሰይድ እዚያው ስላለ ያየዋል ብዬ አልተጨነቅሁም። እንዲያውም ሰርቨሩ ወዲያው በወጉ ጠፋ፤ በእጅ፣ በቀስታ፣ እንደሚገባው። «ጎበዝ፣ ሙቀቱን ለመቀነስ አጠፋው» አልሁ በልቤ።

ከዚያ ያቺ የረሳኋት ሴንሰር ተናገረች። ክዳን ተከፈተ። ክዳን ተዘጋ። ተከፈተ፣ ተዘጋ። ተከፈተ፣ ተዘጋ። ዝም አለ። መኪና ነው አልሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ዝም።

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። እንዴት እንደገባኝ ልነግራችሁ አልችልም፤ ከጭንቅላቴ በፊት ጆሮዬ ነው የሰማው። አንድ ሰው በር ያንኳኳል።

ወደ ጋሽ ሰይድ ስልክ ደወልሁ። ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም። የቅርንጫፍ ኃላፊው ስልክ ለሰላት ጠፍቷል። ወደ አቶ ደምሴ ቢሮ ሮጥሁ። መጥቶ አየና ሴንሰሯ እንደ ድሮዋ ተበላሽታ ይሆናል አለ። እሱን ማመን ደስ ባለኝ። ግን ስክሪኑ ላይ ጣቴን አድርጌ ሦስቱን አሳየሁት፣ ዕረፍቱን አሳየሁት፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሦስት አብረን ጠበቅን። መጣ። አቶ ደምሴ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ዘሃራ» አለኝ፣ «መብራቱ ቁልፉን ቢያቃጥለው በሩ ይከፈታል ወይስ ይዘጋል?»

«ይዘጋል።»

ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ወዲያው ግን ተነሣና ያን በር ለሠራው ብረት በያጅ፣ ለጌታቸው ደወለ። የጌታቸው ሱቅ ከውጫሌው ቢሮ ትይዩ ነው፤ ምሳውን በልቶ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። አቶ ደምሴ በሩን ክፈት፣ ሰበርህም ቆረጥህም ኃላፊነቱ የኔ ነው አለው። ጌታቸውም ብረት መቁረጫዬን፣ ግራይንደሬን ይዤ አጥሩን ዘልያለሁ ብሎ ሮጠ። ስልኩን ሳይዘጋው ነው የሮጠው፤ ትንፋሹ ይሰማናል። በሩ ጋ ሲደርስ፣ «ኧረ እዚህ የገማ እንቁላል ይሸታል» አለ።

ሽታው ምን እንደሆነ አወቅሁት። ያረጀ ባትሪ ከልክ በላይ ሲሞላ ይፈላል፤ ሲፈላ የሚያወጣው አንዱ ጋዝ ሰው ይመርዛል፣ ሌላው በአንዲት የእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል። ጌታቸው ደግሞ ግራይንደር ይዟል። ስልኩን ከአቶ ደምሴ እጅ ነጠቅሁ።

«ጌታቸው፣ ግራይንደሩን አስቀምጥ። እሳት የሚባል እንዳታቀርብ። ሲጋራ የያዘ ሰው ካለ አባር።»

«ታዲያ በምን ልክፈተው? እኔ እኮ ነኝ የሠራሁት፣ በጉልበት አይከፈትም!»

«በሩን ተወው። ግድግዳው ብሎኬት ነው። ውሃ እያፈሰስህበት በዲጅኖ ናደው።»

ሰዎች ሲጠራ፣ ዲጅኖ አምጡ ሲል፣ ባልዲ ሲንኳኳ ሰማሁ። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነው። ክዳኑ ሦስት ጊዜ ሲነሣ በመሐል ያለው ዕረፍት እየረዘመ መጣ። ቀጥሎ ሁለት ብቻ ሆነ። ቀጥሎ ክዳኑ ተከፈተና ሳይዘጋ ቀረ። አቶ ደምሴ ከጀርባዬ በስመ አብ ይላል፤ እኔ ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እላለሁ። ሙቀቱ ግን መውጣቱን አላቆመም፤ ለሰው ግድ የለውም።

በመጨረሻ ዲጅኖው ብሎኬቱን ሲመታ ተሰማ። ድንገት ሁሉም ነገር ጠፋ። የክዳኑም፣ የሙቀቱም፣ የባትሪውም ቁጥር ባዶ ሆነ። ያቺ የማትተኛዋ ቺፕ ዝም አለች። በስልኩ በኩልም አንድ ነገር ተከሰከሰና ድምፅ ቀረ። ፈነዳ አልሁ። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። አቶ ደምሴ ስልኩን አንሥቶ ጌታቸው፣ ጌታቸው እያለ ይጣራ ነበር፤ ሌላ ቃል የጠፋው ይመስል። ምን ያህል ቆየን አላውቅም። በኋላ ጌታቸው የወደቀበትን ስልክ አንሥቶ እያለከለከ መጣ።

«ይተነፍሳል» አለ።

ከውጫሌ ወደ ደሴ ሲወስዱት መንገዱ በሐይቅ ነው የሚያልፈው። አስፋልቱ ዳር ቆሜ መኪናውን ጠበቅሁና ገባሁ። ጋሽ ሰይድ ሸሚዙን አውልቆ በመጠጫ ውሃው ነክሮ አፍንጫውን አስሮበት ነበርና እንደ ታሰረ ነው። ዓይኑ ደም መስሏል። እጁን ልይዘው ስል ደነገጥሁ፤ የአሥሩም ጣቱ ጫፍ ተልጧል። የሰርቨሩ ክዳን ጠርዝ ስለት ነው፤ እኛ ራሳችን በጓንት ነው የምናነሣው። አየኝና ዓይኑን ጨፈነ። እኔ እስከ ደሴ ድረስ ክንዱን ይዤ ተቀመጥሁ።

ሕይወቱ ተረፈች። ሳንባው ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም፤ ዳገት የሚባል ነገር ቀረበት፣ ሥራውም በዚያው ቀረ። የውጫሌው ሰርቨር ከነዲስኩ ተቃጥሎ ስለነበር የቅርንጫፉን መረጃ እንደገና ለማሰባሰብ ወራት ፈጀብን። ይህ ሁሉ ግን በማግስቱ ካየሁት አይብስም። የተናደውን ግድግዳ ልናይ ሄደን ሳለ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ የጋሽ ሰይድን ስልክ አገኘሁት። የክፍሉ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ የማስጠንቀቂያ መልእክት ለሁለት ሰው እንዲደርስ ነበር ያዘጋጀነው፤ ለቅርንጫፉ ኃላፊና ለጋሽ ሰይድ። ስልኩ በመልእክት ተሞልቷል። ክፍሉ ሞቋል፣ ቶሎ ድረስ፣ ክፍሉ ሞቋል፣ ቶሎ ድረስ። ድረስ የሚባለው ሰው በሩ ውስጥ ነበር። በኋላ ስጠይቀው ደወሉን ሰምቶት እንደነበር ነገረኝ፤ በብረቱ በር በኩል፣ ደጋግሞ።

አቶ ደምሴ ያን በር በራሱ እጅ ከፍሬሙ ነቅሎ ጣለው። ማንም አልወቀሰውም። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ እኔ ፊት ስለ ቁልፍ አንሥቶ አያውቅም። ለእያንዳንዷ ፋን ጠባቂ አስቀምጠን፣ ፋኗን ሊጠርግ ለገባው ሰው ግን ምንም እንዳላስቀመጥን ሁለታችንም ገብቶናል። አዲሶቹ ባትሪዎችና ከውስጥ በእጅ የሚከፈት በር በዚያው ሳምንት መጡ። እንደዚያ ሊፈጥን እንደሚችል አላውቅም ነበር፤ ያም ራሱ አስደነገጠኝ።

ጋሽ ሰይድ ወደ ትውልድ መንደሩ፣ አርዲቦ ዳር ገባ። ሲሻለው ልጠይቀው ሄድሁ። ከውሃው ትይዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የበቀሉ ሽንኩርቶቹን ያያል። «አፊያ ነሽ?» አለኝ፣ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ብዙ ሌላ ሌላ ወሬ ካወራን በኋላ ነው የጠየቅሁት። ስክሪንም ኪቦርድም እዚያ ክፍል አልነበረም፤ የኔትወርኩን ገመድ ነቅለህ ብትሰካው ኖሮ ያን ያህል ጣትህ አይቆረጥም ነበር አልሁት።

«ኔትወርክ መቼ ሳይቋረጥ ውሎ ያውቃል?» አለ። «እንደወትሮው ተቋረጠ ትሉ ነበር። ክዳን ግን ያለ ሰው እጅ ሦስት ጊዜ አይነሣም።»

ከሁሉ የከበደኝን ቀጥዬ ጠየቅሁት። የዩፒኤሱ ማጥፊያ እጁ ሥር ነበር። እሱን ቢያጠፋው ባትሪው መፍላቱን ያቆማል። ለምን አላጠፋውም?

ሲናገር ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። ባትሪው ጋዙን የሚተፋው በዚያው መብራት ነው፤ ቺፗም የምትናገረው በዚያው መብራት ነው። ቢያጠፋው መመረዙ ይቀንሳል፣ ግን መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ መኖሩን የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ሁለት ጊዜ እጁን ማጥፊያው ላይ አሳርፎ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ መልሶ ወደ ክዳኑ ሄደ። ዲጅኖው ግድግዳውን ሲመታ የሰማ ጊዜ ነው ያጠፋው። ያኔ ነው የኔ ስክሪን ባዶ የሆነው። እኔ ሞተ ያልሁት እሱ ተሰማሁ ባለበት ሰዓት ነው።

«እኔ ግን የፈራሁት ሌላ ነው» አለኝ። «መልእክቱ እንደሚደርስ አውቃለሁ፤ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ስክሪኑ ፊት ሰው ይኑር አይኑር ነው ያላወቅሁት።»

በሌላ ዓርብ ቢሆን ኖሮ ምሳዬን ቤቴ ሄጄ ነበር የምበላው። ይህን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፣ «አብሽሪ፣ ያው ነበርሽ እኮ» አለኝ፤ ተነሥቶም ሽንኩርቱን ውሃ ሊያጠጣ ሄደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አረፈ። አላህ ይማረው።

እኔ ከዚያ በኋላም ብዙ ሠራሁ። ማኅበሩ ሰፋ፤ ሰርቨሮቹን ከየከተማው የሚጠብቅ አንድ ክፍል ደሴ ተከፈተ። ጡረታዬ ሲደርስ ሥራዬን ላስረክብ ወደዚያ ሄድሁ። የተረከበችኝ ሰናይት የምትባል መሐንዲስ ናት፤ ጨዋ፣ ሥራዋን የምታውቅ ሴት። ግድግዳውን የሞላ ስክሪን አሳየችኝ። የሁሉም ከተማ ሙቀት፣ ፋን፣ መብራት፣ ባትሪ በአረንጓዴ ተደርድሯል። አማረኝ፤ ጋሽ ሰይድ ቢያየው አልሁ። ከዚያ የክዳኑን ፈለግሁና አጣሁት።

«እሱን አጥፍተነዋል» አለች። «በከንቱ እየጮኸ አስቸገረን። ለምን ይጠቅማል ብለሽ ነው፣ እማማ?»

እንደዚያ ዓርብ ክው አልሁ። ወንበር አምጥታልኝ ተቀመጥሁና የነገርኋችሁን ሁሉ ነገርኋት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ወደ ስክሪኑ ዞራ የከተሞቹን ስም አንድ በአንድ እያየች ቆየች። ከመሐላቸው አንዱ ላይ ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ ገና አረንጓዴ ነው፣ ምንም አይደለም።

«አሁን እዚያ ክፍል ውስጥ ሰው አለ?» አለችኝ።

እኔ አላወቅሁም። እሷም አላወቀችም። ያ ሁሉ ቁጥር ተደርድሮ የሚነግረን አልነበረም።

ስልኩን አንሥታ ደወለች። ሲጠራ ሁለታችንም እናዳምጥ ነበር።